ሆራ ያልነበረው ውሃ

ባለፈው ዓመት እዚሁ ሮቤ አንድ ሰው ተቀበረ። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ከኋላ ቆሜ ሰማሁ። በደርግ ዘመን የአውራጃው እርሻ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ እንደነበር፣ ታታሪና ሕዝብ ወዳድ እንደነበር፣ ከሲናና ማዶ ያለው መንደር ንጹሕ ውሃ እንዲያገኝ ተከራክሮ የጉድጓዱን ቦታ እንዳስቀየረ ተነበበ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። አጠገቤ የቆመችው ጎረቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "አንቺም ያኔ እዚያ መሥሪያ ቤት አልነበርሽም እንዴ?" አለችኝ።

"ነበርኩ" አልኳት።

ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ቀብር ላይ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። አሁን ግን ድንኳኑም ተነሥቷል፣ ተስካሩም አልፏል። የሰውየውን ስም አልጽፍም፤ ልጆቹ ከተማው ውስጥ አሉ፣ ሲያገኙኝም በአክብሮት ሰላም ይሉኛል። የእነሱ ጥፋት አይደለም። የጉድጓዱን ቦታ ያስቀየርኩት ግን እኔ ነኝ፤ ይህን ሳልጽፍ ብሞት ለእኔ የሚያነብልኝ የለም።

ያኔ በጽሕፈት ቤቱ አፈር የምታጠና ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዲፕሎማዬን ይዤ ስመጣ ኃላፊው ወረቀቱን አገላብጦ አየና፣ "ደህና፣ ብርጭቆ የሚያጥብልን ሰው ቸግሮን ነበር" አለ። ብርጭቆ ያለው የላቦራቶሪውን ብልቃጥ ነው። ወንዶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ አለመሳቄን አልረሳልኝም። ከዚያ በኋላ ለመስክ መኪና ሲወጣ ሁልጊዜ "ጭቃው ጫማሽን እንዳያበላሽ" እየተባልኩ እቀር ነበር። የሮቤን ጭቃ የሚያውቅ ሰው ጫማው የማይበላሽበት ሰው እንደሌለ ያውቃል። ኮትቻ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው፤ ዝናብ ሲነካው እንደ ሊጥ ይለጠፋል፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስከሚያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። ይህን መሰንጠቁን አንባቢ በልቡ ቢይዝልኝ ደስ ይለኛል፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው በዚያ ነው።

መንደር ምስረታው ሲጀመር ግን ሥራው በዛና ሰው አጠረ። ገበሬው ከየጎጡ እየተነሣ በአንድ ቦታ እንዲሰፍር ታዘዘ። ወዶ የመጣም ነበር፣ ሳይወድ የመጣም ነበር፤ ስለዚያ የሚጽፍ ሌላ ሰው ይጻፍ። ከመንደሮቹ ለአንደኛው የተመረጠው ቦታ የድሮ የትራክተር ጣቢያ ነበር። ሜዳ ነው፣ መንገድ ይደርሰዋል፣ መጋዘኖቹ ለትምህርት ቤት ይሆናሉ ተባለ። ጣቢያው ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረ ቆይቷል። ትራክተርና ኮምባይነር የሚጠገንበት ጋራዥ፣ የናፍጣ ታንከር የተቀበረበት ጉብታ፣ የዘይት በርሜል የሚደረደርበት ግቢ ነበረው። ጣቢያው በሥራ ላይ ሳለ ሥራ አስኪያጁ ማን እንደነበር ልንገራችሁ፤ ያው የእኛ ኃላፊ ነበር። ጣቢያው ሲዛወር አድጎ ወደ እኛ መጣ።

የእኔ ሥራ ቀላል ነበር። ለየቤቱ የሚሰጠው የጓሮ መሬት አትክልት ያበቅል እንደሆነ አይቼ፣ ከግቢው በታች ባለው ዳገት ግርጌ የውሃ ጉድጓድ ሊቆፈር ስለታሰበ የአፈሩን ጥልቀት ለክቼ መምጣት። ኃላፊው ራሱ፣ "እዚያ ውሃ አለ፣ ከመሬት እየወጣ ነው፣ ብዙ አትድከሚ" ብሎ ላከኝ። የአፈር መሰርሰሪያውን፣ ሁለት የቀን ሠራተኞችንና ለአንድ ቀን የሚያመላልሰን ላንድሮቨር ሰጠኝ።

ዳገቱ ግርጌ ስንደርስ ከብት ሞልቶ ነበር። ውሃው ከጥቁሩ አፈር ሥር እየተንጠባጠበ ወጥቶ ረባዳ ላይ ተኝቷል፤ ላዩ ላይ ሰማያዊና ወይን ጠጅ የሚያንጸባርቅ ስስ ነገር አለ። ከብቶቹ አፋቸውን ነክረው ይጠጣሉ፣ ዳሩን ይልሳሉ። ከዳር አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። ሀጂ ናቸው፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ ሀጂ እያለ ነው የሚጠራቸው፣ እኔም እንደዚያው።

"አካም ጅርቱ፣ ሀጂ?"

"ነጋ፣ ደህና፣ አልሀምዱሊላህ። ከሮቤ ነሽ፣ ኢንታላ፣ ልጄ?"

"ከሮቤ ነኝ። ከብቱን ይህን ውሃ ያጠጡታል?"

"ሆራ ነዋ!" ቀና አሉ። "አታይም እንዴ፣ ሲያንጸባርቅ? ድሮ ለሆራ ወደ ዲንሾ በኩል እየነዳን ስንት መንገድ ሄደን ነበር። አሁን አላህ ደጃችን ድረስ አመጣልን። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ከአጋርፋ ሳይቀር ሰው መጥቶ አይቶታል።"

ባሌ ያልኖረ ሰው ሆራ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። ጨዋማ የማዕድን ምንጭ ነው። ከብት በየጊዜው ሆራ ካልጠጣ ወተቱ ያንሳል፣ ሥጋው አይሞላም ይባላል፤ ለዚህም ነው ሰው ከብቱን ሩቅ አገር ድረስ የሚነዳው። ሆራ ያለበት ቀበሌ ይከበራል። ሆራ ያገኘ ሰው ደግሞ ስሙ ይነሣል። እውነተኛ ሆራም ዳር ዳሩ ላይ፣ ውሃው በተኛበት፣ የሚያንጸባርቅ ስስ ቆዳ ያወጣል። ሀጂ የዋህ አልነበሩም። ያዩት ነገር ዕድሜ ልካቸውን ካዩት ጋር አንድ ነበር። የሌላ አገር ሰው ይህን ውሃ ቢያይ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል፤ የባሌ ሰው ግን ከብቱን ይዞ ይመጣል።

ጎንበስ ብዬ በእጄ ጨልፌ አሸተትኩት። ናፍጣ ነው።

"ሀጂ፣ ይህ ይሸታል።"

"ሆራ የማይሸት አለ?"

"ወተቱስ? ወተቱ ደህና ነው?"

ወደ ከብቶቹ ዞሩ። ከኋላቸው እንጨት ተሸክመው የመጡት ባለቤታቸው ሸክማቸውን ሳያወርዱ፣ "ንገራት እንጂ!" አሉ። "ቅቤው ሸቷል። ከጎባ ገበያ መልሼ አመጣሁት። ሴትዮዋ ገና ስታሸተው 'በፋኖስ ነው እንዴ የናጥሽው?' አለችኝ። በሰው ፊት።"

"ይለምዳል" አሉ ሀጂ። "አዲስ ሆራ ነው። ከብቱ ገና አልለመደውም።"

"ጊደሯም ልትለምድ ነው ጽንሷን የጣለችው?"

ሀጂ አንዲት ላም በዱላቸው ነካ አደረጉ። እኔም አልገፋሁም። ሽማግሌ ሰውን ሚስቱ ፊት ማሸነፍ ጥቅም የለውም።

ወደ ግቢው ወጣሁ። ጽዳቱ ያስገርማል። አንድ የዘይት ጠብታ የለበትም፤ ዙሪያውን ቀይ አፈር ለብሶ ተደልድሏል። ቀን ሠራተኞቹ "ደህና ቦታ ነው፣ እዚህ ቤት ቢሰጠን" እያሉ ይቀልዱ ነበር። እኔን ግን ቀዩ አፈር አላስቀለደኝም። ከአጥሩ ውጭ እስከ ዓይን መጨረሻ ድረስ ያለው መሬት ጥቁር ነው። ቀይ አፈር በዚያ ሜዳ ላይ የለም፤ ያለው ወደ ጎባ በሚያስወጣው ዳገት ነው። ሰው በገልባጭ መኪና ካላመጣው በስተቀር ራሱ ተራምዶ አይመጣም።

"ከታንከሩ ጉብታ ሥር ቆፍሩ" አልኳቸው።

"የት ድረስ?"

"ጥቁሩ እስኪመጣ።"

ቀዩ አለቀና ጥቁሩ መጣ፤ ከጥቁሩ ጋርም ሽታው መጣ። አንደኛው ሠራተኛ አካፋውን ጥሎ ወጣ። ጓሉ ሲሰበር ውስጡ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብለጨልጫል። መሰርሰሪያውን ያዝኩና ራሴ አወረድኩት። እጀታውን እያዞሩ መግፋት የወንድ ሥራ ነው ሲባል ነበር የኖርኩት፤ ያን ቀን ከጋራዡ በስተኋላ፣ ከታንከሩ ጉብታ ሥርና ከጉብታው ወደ ታች እስከ ረባዳው ድረስ በመስመር የሠረሠርኩት እኔ ነኝ። ከጉብታው በላይ፣ ወደ መንገዱ በኩል፣ አፈሩ ንጹሕ ነው። ከጉብታው በታች ሁሉም ይሸታል፤ ሽታው ደግሞ ዳገቱን በወረድኩ ቁጥር ወደ ጥልቀት ይገባል እንጂ አይጠፋም።

ነገሩ ገባኝ። መካኒኮቹ የተቃጠለ ዘይት ከጋራዡ ኋላ ይደፉ ነበር። ታንከሩም ዝጎ ያፈስ ነበር። በበጋ ኮትቻው ሲሰነጠቅ የፈሰሰው ሁሉ በስንጥቁ ወርዶ ከሥር ያለው ጠጠር ላይ ደረሰ። ክረምት ሲገባ አፈሩ ተመልሶ ይገጥማል፣ ላዩ ንጹሕ ይመስላል፤ ናፍጣው ግን ከውሃው ጋር በጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተ ዳገቱ ግርጌ ይወጣል። ሀጂ ሆራ ያሉት እሱን ነው። የመንደሩ ጉድጓድ ሊቆፈር የታሰበውም እዚያው ላይ ነው። ሰው፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ ሊጠጡት ነው።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ጓሉን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አልነካውም።

"ምንድን ነው?"

"ከትራክተር ጣቢያው ነው። ናፍጣ ነው። ጉድጓዱ እዚያ መቆፈር የለበትም።"

"እኔ አፈሩ ለጎመን ይሆን እንደሆነ እይ ብዬ ነው የላክሁሽ።"

"ለጎመንም አይሆንም።"

ሳቅ አለ። "ስሚ፣ እዚያ ያለው ሆራ ነው። አገሬው ራሱ ሆራ ነው ብሏል። አንቺ ከአገሬው በላይ ልታውቂ ነው?"

"ቀዩ አፈር ከየት መጣ?"

ሳቁ ቆመ። መስኮቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መንደር ምስረታን የሚያደናቅፍ ሰው በዚህ ዘመን ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቂያለሽ" አለኝ። ጥያቄ አልነበረም።

ፈርቼ አልነበረም አልልም። ያን ጊዜ ያልፈራ ሰው አላውቅም። ግን ከፍርሃቱ ይልቅ "ለጎመን" ያለው አናደደኝ። ጓሉን መልሼ ጠቅልዬ ወጣሁ።

ማንን ላናግር? ወረቀት ብጽፍ የሚያልፈው በእሱ እጅ ነው። ጓድ ተብሎ የሚጠራው የአውራጃው ሰው ቦታውን ሊመርቅ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል ተብሏል፤ በእሱ ፊት ብናገር ደግሞ ኃላፊው "አገሬው ሆራ ነው ብሏል" ሲል ያፈርሰኛል። አገሬው ማለት ሀጂ ናቸው። ስለዚህ ሥራዬ ከሀጂ ጋር ሆነ።

እሑድ ማለዳ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄድኩ። ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ሀጂ፣ እውነተኛውን ሆራ ያሳዩኝ።"

"ለምን?"

"አይቼ ስለማላውቅ።"

ይህ ውሸት ነበር፤ ግን ሽማግሌን የሚያስነሣ ውሸት ነው። ወደ ዲንሾ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ አሳፈሩኝ፣ ከመንገድ ወርደን በእግር ወጣን። መንገድ ላይ፣ "አንቺ ልጅ፣ ባል የለሽም?" አሉኝ።

"የለኝም።"

"አፈር አፈር ስትይ ነው ያመለጠሽ" አሉና ብቻቸውን ሳቁ።

ሆራው ጋ ስንደርስ ውሃው በተኛበት ዳር ያ ስስ የሚያንጸባርቅ ቆዳ አለ። ጥላ ያለበት ሣር ላይ ገና ውርጭ ነበር። "በዱላዎ ይንኩት" አልኳቸው።

ነኩት። ቆዳው በረዶ የያዘው ኩሬ እንደሚሰነጠቅ ተሰነጠቀ። ቁርጥራጩ ተለያይቶ ቀረ፣ አልተገናኘም።

"ደግመው ይንኩት።"

ደግመው ነኩት፤ ይበልጥ ተሰባበረ። ይህ ከብረት ማዕድን የሚመጣ ነው ብዬ አስረዳሁ፤ ሆራ ሁሉ እንዲህ ነው፣ ሲነካ ይሰበራል። ናፍጣ ግን ቢከፍሉትም መልሶ ይገጥማል። ዱላቸውን አንሥተው ወደ መንገዱ ቀደሙ። በጭነት መኪና ወደ ትራክተር ጣቢያው ተመለስን። ዳገቱ ግርጌ ወርደው ብቻቸውን ወደ ረባዳው ሄዱ፤ እኔ ከመንገዱ ዳር ቆሜ አየኋቸው። ዱላውን ዘርግተው ነኩ። ቆሙ። ደግመው ነኩ። ከዚያ ዱላውን ከሣሩ ላይ ደጋግመው ጠረጉት።

ወደ እኔ ሲመጡ ፊታቸው ተለውጧል። "ወላሂ፣ ሰው ሁሉ 'የሀጂ ሆራ' ነው የሚለው" አሉ። "የሀጂ ሆራ ብለው ስም አውጥተውለታል።"

"አውቃለሁ።"

"አሁን የሀጂ ናፍጣ ሊሉ ነው።"

ምን ልበላቸው? በዚያ ዕድሜ ስም ማጣት ቀላል አይደለም። "መጀመሪያ ያዩት እርስዎ ነዎት" አልኳቸው። "መጀመሪያ የሚናገሩትም እርስዎ ይሁኑ።"

ጓዱ በመጣበት ቀን ሕዝቡ ተሰበሰበ። ጓዱ ከጦሩ የመጣ፣ አጭር፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ኃላፊያችን ካርታ ዘርግቶ "እዚህ ትምህርት ቤት፣ እዚህ ክሊኒክ፣ እዚህ ውሃ" እያለ አስረዳ። ውሃ ሲል በጣቱ ረባዳውን አሳየ። እኔ ከኋላ ቆሜያለሁ። ሀጂ ባይነሡ እኔ እንደምነሣ ወስኜ ነበር፤ ይህን ለማንም ማረጋገጥ አልችልም፣ ግን ወስኜ ነበር።

ሀጂ ተነሡ። "ያ ውሃ ሆራ አይደለም" አሉ በኦሮምኛ፤ ከዚያ በአማርኛ ደገሙት። "ሆራ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። ሎን፣ ከብቱ፣ የሚጠጣው አይደለም፣ ሰውም የሚጠጣው አይደለም።"

ሕዝቡ አጉረመረመ። አንዱ ከመሃል፣ "ትናንት ከፋች፣ ዛሬ ዘጊ!" ብሎ ተሳለቀባቸው።

"አንተ ደግሞ ትናንትም ዛሬም ወሬኛ" አሉት ሀጂ፤ ሰው ሳቀ።

ኃላፊው ቀደም ብሎ፣ "ጓድ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ አንድ ቀን እንዲህ፣ አንድ ቀን እንዲያ ይላሉ" አለ። ያን ጊዜ ከሰዉ መሃል ወጣሁ። "ጓድ፣ አፈሩን ያየሁባቸውን ጉድጓዶች ክፍት ትቻቸዋለሁ፤ ከዚህ ጥቂት እርምጃ ናቸው" አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በዚህ ዛሬም ኮርቼ አላበቃሁም።

ጓዱ ከታንከሩ ጉብታ ሥር ያስቆፈርኩት ጉድጓድ ጫፍ ላይ ተንበረከከ። ከጥቁሩ አንድ ጓል አንሥቶ ሰበረ፣ አፍንጫው ድረስ አስጠጋው። ደግሞ አሸተተው። ከዚያ ብድግ ብሎ፣ "ከዚህ ሽታ ጋር ስንት ዓመት በመኪና ውስጥ ተኝቻለሁ" አለ። "ይህን ሰው ሊያጠጣ የነበረ ማን ነው?"

 ኃላፊያችንን ላብ ሲያሰምጠው አየሁ። ሰውየው ግን ከአፉ ቃል አያጣም። "ለዚህ ነው ጓድ" አለ። "ለዚህ ነው ይህቺን ልጅ ልኬ ያስጠናሁት። ጥርጣሬ ነበረኝ።"

አየኝ። እኔም አየሁት። ያን ጊዜ አፌን ብከፍት ነገሩ ወደ ክርክር ይሄዳል፤ ክርክሩ ደግሞ ስብሰባ ይወልዳል፣ ስብሰባው ሌላ ስብሰባ፤ ሰው ደግሞ ያን ክረምት መስፈሩ አይቀርም። ስለ እኔ መናገር ጉድጓዱን እንደሚያዘገየው አውቅ ነበር። "ቦታው ከጉብታው በላይ፣ ከመንገዱ በኩል ቢሆን አፈሩ ንጹሕ ነው" ብቻ አልኩ። ጓዱ "ይሁን" አለ። አለቀ።

ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው የሚሉ የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። ይበሉ። ዝም ያልኩት የጉድጓዱን ቦታ ስለ ፈለግሁ ነው፤ የፈለግሁትንም አግኝቻለሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ "ለሥራው ምቹነት" ተብዬ ወደ ዘር መጋዘን ተዛወርኩ። መሰርሰሪያውን ለሌላ ሰው አስረከብኩ። ኃላፊው በዚያ ጥናት ምስጋና አገኘ፤ ከዚያም ሌላ ሹመት። እኔ ስንዴ እያስመዘንኩ ቆየሁ። ሀጂን አንድ ጊዜ ብቻ ሮቤ ገበያ አገኘኋቸው፤ ሰው "የሀጂ ናፍጣ" ይላቸው እንደሆነ ልጠይቃቸው አፈርኩ። እሳቸው ራሳቸው፣ "ይሉኛል" አሉኝ። "ግን ቅቤያችን ይሸጣል።"

መንደሩ ከሰፈረ በኋላ በበጋ ለመጋዘን ሥራ በዚያ በኩል አለፍኩ። ሹፌሩን አስቆምኩት። ጉድጓዱ ከጉብታው በላይ፣ እኔ ባልኩበት፣ መንገዱ ዳር ነበር። የእጅ ፓምፕ ተተክሎበታል፤ ሴቶች እንስራና ጀሪካን ይዘው ተሰልፈዋል። ማንም አላወቀኝም። አንዲት ወጣት ፓምፑን እየገፋች አየችኝና፣ "ውሃ ፈልገሽ ነው?" አለች።

"እስቲ አቅምሺኝ።"

በጣሳ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ቀዝቃዛ ነበር፤ ከጠጠር ጣዕም በቀር ምንም አልነበረውም።

"ከሮቤ ነሽ?"

"አዎ።"

"የሮቤ ውሃ እንዲህ አይደለም፣ አይደል?"

"አይደለም" አልኳትና ደግሜ አስቀዳሁ።